የተመረገው ገንቦ

«ዘሩን መቼ ታወጪልናለሽ?» አሉ አያ አፈወርቅ፣ አጠገባቸው የተቀመጠው ሰው እንዳይሰማ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው።

ተሾመች ከፔርሙዝ ሻይ እየቀዳችላቸው ነው። ሻዩን ቀድታ ቀና ስትል ሽማግሌው ዓይናቸውን መሬት ላይ ተክለዋል። በድንኳኑ ውስጥ ለቀስተኛው በየአግዳሚው ተደርድሮ ስለ ዝናቡ፣ ስለ መንገዱ፣ ስለ በግ ገበያው ያወጋል። ሰኔ መግቢያ ነው። ከጓሳ የሚወርደው ነፋስ ሸራውን ያርገበግበዋል፤ ሰው ሁሉ የሱፍ ባናውንና ጋቢውን እስከ አፍንጫው ስቦ ኩርምት ብሏል።

«ለቅሶ ቤት እንዲህ ያለ ነገር እንደማይጠየቅ ጠፍቶኝ አይደለም» አሉ አያ አፈወርቅ። «መሬቱ ውሃ ጠገበብን እንጂ። አባትሽ ቢኖር ይህን ጊዜ ለሁላችንም አድሎ ጨርሶ ነበር።»

«ነገ፣ አያ። ሠልስቱ ይውጣና አወጣላችኋለሁ።»

ይህን ብላ ስታበቃ እስከ ጆሮዋ ጋለች። የሚወጣ ዘር የለም። አገሩ ሁሉ ለዘንድሮ የጠበቀው የአባቷ የመኳንንት ባቄላ ትናንት፣ በቀብሩ ዕለት፣ ንፍሮ ሆኖ ተቀቅሎ እዚሁ ድንኳን ውስጥ ተበልቷል። ያስቀቀለችው ደግሞ ሌላ ማንም ሳይሆን እሷው ናት።

ተሾመች ዘመሮ ከተማ ውስጥ ትንሽ ምግብ ቤት አላት። የአባቷ ማረፍ በስልክ እንደተነገራት በሯን እንኳ በወጉ ሳትዘጋ ነበር የተሳፈረችው። የተሳፈረችበት ሚኒባስ ግን መንገድ ላይ ጎማው ፈነዳ፤ መለዋወጫው ጎማም የባሰ ሆኖ ተገኘ። ከመኪናው ወርዳ፣ ጫማዋን በእጇ ይዛ፣ ቁልቁለቱን እየሮጠች ስትደርስ ሰዉ ከቤተ ክርስቲያን እየተመለሰ ነው። አንዲት ልጃቸው ሆና በአባቷ ላይ አፈር ሳትመልስ ቀረች። ደረቷን እየደቃች ስትጮህ ሴቶቹ ግራና ቀኝ ይዘው ወደ ቤት አስገቧት። «ምን ታድርግ፣ መኪና ነው» ይላል አንዱ። «ምን ታድርግ፣ ሩቅ ናት» ይላል ሌላው። የሚያጽናናት ሰው በበዛ ቁጥር መዘግየቷ ገዝፎ ታያት።

ከታችኛው መንደር የመጡት የእድር ሴቶች ጓሮ ውስጥ ብረት ድስት ጥደው ኖሮ አንደኛዋ ብቅ ብላ፣ «ለንፍሮው ስንዴው አለ፣ ባቄላ ግን አጣን። በስንዴ ብቻ ይሁን?» አለች። ነገሩ እዚያ ላይ ቢያበቃ ኖሮ! ስንዴ ብቻውን ቢቀርብ ማንም ምንም አይልም ነበር። ተሾመች ግን ዘግይታ በመጣችበት ቀን የአባቷ ቤት ባቄላ አጣ ሲባል ልትሰማ አልቻለችም። ቢያንስ ይህችን ላድርግላቸው አለች። ተነስታ ጓዳ ገባች።

ገንቦው ማዕዘኑ ላይ፣ ልጅ ሳለች በምታውቀው ቦታ ተቀምጧል። አፉ በእበት ተመርጓል። መንዝ ውስጥ ተወልዶ ያደገ ሰው፣ አፉ በእበት የተመረገ ገንቦ ምን እንደያዘ አይጠፋውም፤ ዘር ነው የያዘው። አልታወቃትም ነበር እንዳንል ታውቋታል። ለአፍታ ያህል ቆማ አይታዋለች። ሌላ ቦታ ሌላ ዘር አያጡም አለች። ሽማግሌ ሰው ከነቀዝ ለመከላከል ብሎ የሚበላውንም ይመርጋል አለች። ለራሷ የምታቀርበው ምክንያት አንድ ብቻ ሳይሆን ሲደረደር የነበረውም ስለታወቃት ነው። ከዚያ የወፍጮውን መጅ አንስታ ምርጊቱን መታችው።

እውነቱን እንናገር ከተባለ፣ ምርጊቱ ሲፈረካከስ እጇ ደስ ብሎት ነበር። እስካሁን እንቅልፍ የሚነሳትም ይኸው ነው።

ከዚያ ገንቦ ጋር የቆየ ቂም ነበራት። ልጅ ሳለች በልግ ከድቶ፣ ክረምቱም ጀምሮ ጠፍቶ፣ ከብቱ በየሜዳው የወደቀበት ዓመት ነበር። እናቷ የምሥራች ታማ ተኝታ፣ ቤት ውስጥ የሚቀመስ እህል አልቆ፣ ከካቡ ሥር የሚለቀም ሳማ እየተቀቀለ ይበላ ነበር። ገንቦው ግን ሙሉ ነው። አባቷ ጀርባቸውን ለገንቦው ሰጥተው፣ በርጩማቸው ላይ ቁጭ ብለው ገመድ ይፈትላሉ።

«አባባ፣ ትንሽ ብቻ። ለእማዬ» አለቻቸው።

«ይኼ የሚበላ አይደለም።»

«ባቄላ አይደል እንዴ?»

«ዘር ነው። ዘር አይበላም፣ ልጄ። ሂጂ፣ ሳማውን አማስይ።»

እናቷ ያንን ክፉ ዘመን አልፋዋለች። የሞተችው ብዙ ቆይታ፣ በሌላ ሕመም ነው። ይሁን እንጂ ያ ጀርባ ከተሾመች ዓይን አልጠፋም። መንደርተኛው አባቷን «ባቄላ ጠባቂው» እያለ ሲያላግጥባቸው እሷም ከቧልተኞቹ ጋር ትስቅ ነበር። እናቷን ለፍሬ ባቄላ ብሎ ያስራበ ሰው፤ ልቧ ውስጥ አባቷ ይህ ሆነው ቀሩ። ካደገች በኋላ ዘመሮ የገባችውም፣ ለዓመት በዓል ካልሆነ ብቅ የማትለውም ከዚህ የተነሳ ነው። ሥራ በዝቶባት ነው እንጂ ሌላ ምክንያት የላትም የሚሉ ሰዎች ደግነት ነው የሚያናግራቸው።

አባቷ ያንን ባቄላ የሚዘሩት ሰማይ ውሃ ዳር ነው። ሰማይ ውሃን አገሬው ሐይቅ ይለዋል እንጂ ሐይቅ ለመባል ትንሽ ነው፤ አንድ ጎበዝ ወንጭፍ ቢወነጭፍ ማዶ ያደርሳል። ሆኖም ደርቆ አያውቅም። ከቤታቸው ጀርባ ወርዶ፣ ጨፌው አልቆ ውሃው የሚጀምርበት ቦታ ላይ፣ አባቷ ድንጋይ ክበው አንድ ጓሮ ሠርተዋል። ስፋቱ ይህን ያህል ነው ተብሎ የሚወራለት አይደለም፤ አልጋ አልጋ የሚያካክሉ ጥቂት መደቦች ብቻ ናቸው። አንዱ ላይ ጎመን፣ አንዱ ላይ ነጭ ሽንኩርት፣ የቀሩት ላይ ባቄላ። ጉልበታቸው ሲደክም እርሻቸውን ለእኩል አራሽ ሰጥተው ከዚህች ጓሮ ጋር ብቻ ቀሩ።

ቦታውን የመረጡት ያለ ምክንያት አልነበረም። በጥቅምትና በኅዳር ማለዳ ከውሃው ጉም እየተነሳ ጓሮውን ይሸፍነዋል። ሜዳው በውርጭ ነጥቶ ሲያድር ያቺ ጓሮ እርጥብ ሆና ታድራለች። ደግሞ ዘር አመራረጣቸው ለብቻው ነው። ባቄላው ገና አበባ ላይ እያለ በየመደቡ መሐል እየተንጎራደዱ፣ ቀጥ ብሎ የቆመውን፣ ቅጠሉ የጸዳውን እየለዩ ቀይ ጨርቅ ያስሩበታል። ጨርቅ ከታሰረበት ላይ እሸት መቅጠፍ ክልክል ነው። ሲደርስም የላዩንና የታቹን ትተው ከመሐል ያለውን ፍሬ ብቻ ይለቅማሉ። የሚገኘው ባቄላ ደቃቃ፣ ጠይም፣ ዓይኑ ጥቁር ነው። ገበያ ቢወጣ ማንም ዞር ብሎ አያየውም።

ታዲያ አንድ ዓመት ባቄላውን የሚቆለምም በሽታ መጣ። ቅጠሉን አኮማትሮ፣ አሳብጦ፣ ማሳውን በአንድ ሳምንት እሳት የነካው ያስመስለዋል፤ አገሬው ቆርምድ አለው። የሰው ሁሉ ባቄላ አለቀ። ከከተማ የመጣውም ዘር ቆርምድ በላው። ሰማይ ውሃ ዳር፣ እነዚያ አልጋ አልጋ በሚያካክሉ መደቦች ላይ ግን የመኳንንት ጠይም ባቄላ ቅጠሉን ዘርግቶ ቆመ።

የዚያን ዓመት መንደርተኛው «ባቄላ ጠባቂው» ያለበትን አፉን ይዞ ደጃቸው ላይ ተሰለፈ። እሳቸውም ምርጊቱን አፍርሰው ለእያንዳንዱ በጭብጥ በጭብጥ ሰጡ። ያላገጠባቸውንም ያላላገጠባቸውንም አልለዩም። ከዚያ ወዲህ ሰው በየማሳው ይዘራታል፣ ይበላታል፣ ከሌላ ባቄላ ጋርም ያደባልቃታል፤ ዘሩ የደከመ ሲመስለው በሰኔ ወደ እሳቸው ይመለሳል። ከእሳቸው ዘንድ መቼም አይጠፋም ብሎ ለራሱ የሚያስቀምጥ የለም። አምና ውርጩ ያለ ጊዜው፣ ገና ባቄላው እሸት ሳለ ወርዶ ማሳውን ሁሉ ሲፈጀው የተረፈችው የሐይቁ ዳር ጓሮ ብቻ ነበረች። ዘንድሮ ያቺ ባቄላ በዚህ ዓለም ላይ ያለችው በአንድ ገንቦ ውስጥ ነበር ማለት ነው።

ተሾመች ይህን ሁሉ የሰማችው ከቀብሩ በኋላ ነው፤ ለቅሶ የሚደርሰው ሰው እሳቸውን ሲያነሳ፣ ባቄላዋንም አብሮ ሲያነሳ። በግንቦት ደውለውላት ነበር። «ሰኔ ሳይገባ ነይ። እጅሽ ላይ የማስቀምጠው ነገር አለ» አሏት። ስለ ቤቱና ስለ መሬቱ መስሏት፣ «አሁን ሥራ በዝቶብኛል፣ አባባ። ለሐምሌ ሥላሴ እመጣለሁ» አለቻቸው። «ሐምሌማ ይረፍዳል» አሏት።  ወዲያው ደንበኛ ገባና ስልኩን ዘጋችው።

አያ አፈወርቅ ዘሩን በጠየቋት ዕለት ከሰዓት በኋላ፣ ተሾመች እንግዳው ሳሳ ሲል ጓዳ ገብታ ገንቦውን ደፋችው። የወጣው አመድ ነው፤ አባቷ ዘሩን የሚያሹበት አመድ። በወንፊት ነፋችው። ግማሽ የሆኑ፣ ክክ የሆኑ፣ ነቀዝ የበሳቸው ፍርፋሪዎች ቀሩላት። ደህና አንድ ፍሬ የለም። እዚያው መሬት ላይ ቁጭ ብላ፣ እጇ እስከ ክንዷ አመድ ሆኖ፣ ብዙ ቆየች። ደጅ ያሉት ለአባቷ የምታለቅስ መስሏቸው አንዲት ሴት ከውጭ፣ «አይዞሽ፣ ተሹ፣ አይዞሽ» ትላለች።

ከዚያ ስልኳን አወጣች። ማሙሽ የሚባል፣ ለምግብ ቤቷ እህልና አትክልት የሚያመላልስላት ሹፌር አለ።

«ማሙሽ፣ ባቄላ ፈልግልኝ። ደቃቃ፣ ጠቆር ያለ።»

«ለምን ደቃቃ? ትላልቁ እያለ?»

«ደቃቃ አልኩህ! ጠዋት ድረስልኝ።»

ማሙሽ ቃሉን የሚያከብር ሰው ነው፤ በማግስቱ ማለዳ፣ ሰዉ ለሠልስቱ ጸሎት ሳይወጣ፣ ባቄላው በማዳበሪያ ከረጢት ሆኖ ደረሰ። ተሾመች ጓዳውን ዘግታ በአመድ አሸችው። አመድ ሲለብስ ያው ነው። ገንቦው ውስጥ ጨመረችው። ከበረቱ ትኩስ እበት አምጥታ የገንቦውን አፍ በመዳፏ መምረግ ጀመረች። በነሐሴ ቆርምድ ገብቶ የሰዉን ባቄላ ሲጨርሰው ሰበቡ ለዝናቡ ይሰጣል፣ ለዘመኑ ይሰጣል። ምናልባትም፣ «መኳንንት ሞተ፣ በረከቱም አብሮት ሄደ» ይባል ይሆናል። እዚህ ሐሳብ ላይ ስትደርስ መዳፏ ቆመ። ቆመ እንጂ አልተወችውም፤ ምርጊቱን ልትጨርስ ጎንበስ አለች።

«ተሾመች።»

ዞር ስትል እትዬ አስካለ ማርያም በሩ ላይ ቆመዋል። የእናቷ የልብ ወዳጅ የነበሩ ጎረቤት ናቸው። በቀብሩ ዕለት አሟቸው ስላልመጡ ንፍሮውን አልቀመሱም። ገንቦውን አዩ፤ የሚያብረቀርቀውን እርጥብ እበት አዩ፤ ባዶውን ከረጢት አዩ፤ ክርኗ ድረስ የለወሳትን እበትና አመድም አዩ። ገብተው በሩን መለስ አደረጉና በርጩማው ላይ ተቀመጡ።  ከዚያ ስለ ሌላ ነገር የሚያወሩ ይመስል ጀመሩ።

«ይህ ገንቦ በዚያ በክፉው ዓመት ሊከፈት ነበር። ታስታውሻለሽ?»

«አባባ አልከፍትም ያሉበትን አስታውሳለሁ» አለች ተሾመች፣ ሳታስበው ድምፅዋ ሻከረ።

«አባትሽ?» እትዬ አስካለ ቀና ብለው አዩዋት። «አባትሽማ መጁን አንስቶ ነበር። እዚሁ ነበርኩ፣ እናትሽን ላስታምም መጥቼ። ‹ሰው ሲሞት እያየሁ ዘር ምን ያደርግልኛል› ብሎ ሊመታው ሲል የያዘችው እሷ ናት። ከአልጋዋ ወድቃ፣ በደረቷ ተስባ እግሩን ያዘችው። ‹ይህ ከተበላ ልጄ ከርሞ ምን ትበላለች› አለችው። አባትሽ እንዲያ ሲያለቅስ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው።»

ተሾመች የእበት እጇን ዘርግታ እንደያዘች ቀረች።

«በኋላ አንቺ መጥተሽ ስትለምኚው ሰማሁ። ‹ለምን እናትሽ ናት አላልካትም› አልኩት። ‹የታመመች እናቷን ትጥላ? እኔን ብትጠላ ይሻላል፤ እኔ ጤነኛ ነኝ› አለኝ። ከዚያ ወዲህ አንስቶትም አያውቅ።» እትዬ አስካለ ጉልበታቸውን ተደግፈው ተነሱ። «ጸሎቱ ሊጀመር ነው። እጅሽን ታጥበሽ ነይ።»

ስለ ከረጢቱ አንዲት ቃል ሳይናገሩ ወጡ። ቢቆጡ፣ ቢጮሁባት ምንኛ በወደደች።

በቤተ ክርስቲያን አባ ገብረየሱስ ጸሎቱን ሲያደርሱ ተሾመች ቃሉ አልተሰማትም። ያ በርጩማ ላይ የተቀመጠ ጀርባ ነው የሚታያት። አባቷ ያን ጊዜ ዞር ብለው አላዩዋትም ነበር። ዓይናቸው የለቅሶ ዓይን ስለነበር ኖሯል። ያንን ጀርባ ይህን ሁሉ ዓመት ስትጠላው ኖራለች፤ በግንቦት ስልኩን የዘጋችው በዚያ ጀርባ ላይ ነው፤ መጁን ያነሳችውም በዚያው ጀርባ ላይ ነው። ይቅርታ እንዳትጠይቅ ሰውየው መሬት ገብተዋል። እሳቸው ሲገቡ እንኳ አልደረሰችም።

ሰዉ ተመልሶ ድንኳኑ ውስጥ እንደተቀመጠ ጓዳ ገባች። ገንቦውን ታቅፋ ወጣች። ከባድ ነው፤ አንዲት ሴት ልታግዛት ብትነሳ ራሷን ነቅንቃ እምቢ አለቻት። መሐል ላይ አስቀመጠችው። ጨዋታው ሁሉ ቆመ። አያ አፈወርቅ ፊታቸው ፈካ።

«ይህ የአባቴ ዘር አይደለም» አለች። «ዛሬ ከገበያ አስመጥቼ የሞላሁት ነው። ልሰጣችሁ ነበር። የአባባን... የአባባን ንፍሮ አድርጌዋለሁ። ምርጊቱን አይቼ፣ ዘር መሆኑን እያወቅሁ፣ ሰብሬ የቀቀልኩት እኔ ነኝ። እናንተንም አበላኋችሁ።»

 ሸራው ብቻ ይርገበገባል።

«እናውቃለን» አሉ አያ አፈወርቅ በመጨረሻ።

«ምን አሉ?»

«እናውቃለን፣ ልጄ። የመጀመሪያዋን ፍሬ ስነክስ ነው ያወቅኋት። ይችን ባቄላ ስንት ዓመት በልቻታለሁ፤ እንዴት ትጠፋኛለች? ዘወር ብዬ ባይ ይኼ ሁሉ ሰው ማኘኩን አቁሞ እርስ በርሱ ይተያያል።»

«ታዲያ ለምን ዝም አላችሁኝ? ድስቱ ውስጥ ያልገባ ተርፎ ነበር እኮ! ለሁለተኛ ጊዜ የጣድነው በኋላ ነው!»

«ለቅሶ ቤት የቀረበ ንፍሮ ይመለሳል?» አሉ ሽማግሌው።  «አባትሽ ከሞተ ቀን አልሞላው፤ ቀብሩ አምልጦሽ፣ ጫማ እንኳ ሳታደርጊ በገዛ እጅሽ እያዞርሽ ስታድይን፣ ማን አፉን ሞልቶ ‹ይህ ዘር ነው› ይበልሽ? አፈርን። አፍረን በላን። እኔማ ሁለተኛም ዘገንኩ። ምን ያድርግ ሰው፣ ትጣፍጣለች!»

አንድ ሰው ከወደ ጥግ ሳቀ፤ ሳቁ መንገድ ላይ ተበላሽቶ ሳግ ሆነበት። ሴቶቹ ነጠላቸውን ወደ ዓይናቸው ሰበሰቡ። አያ አፈወርቅም በጋቢያቸው ጫፍ አፍንጫቸውን ጠረጉ።

«ትናንት የጠየቅሁሽ፣ ሁሉንም አልቀቀለችው ይሆናል ብዬ ነው። ተስፋ ነው እንጂ ልወቅስሽ አልነበረም። ወቃሽ የምሆንበት ምን አፍ አለኝ? በየዓመቱ ከእሱ እየወሰድኩ አንድ ጭብጥ እንኳ ለራሴ አላስቀመጥኩም።»

ቢረግሟት ይቀልላት ነበር። አንዱ ተነስቶ፣ «አባትሽን ገደልሽው» ቢላት ቁማ በሰማችው፤ የሚገባትም እሱ መሰላት። ሰዉ ግን በደሏን ተካፈለና እዚያው አብሯት ተቀመጠ። ይህ ደግሞ ከበዳት።

አያ አፈወርቅ ዘንጋቸውን ተደግፈው ተነሱ። «ነይ እስቲ» አሏት። «ጓሮውን ማንም አላየው። እሱ ከታመመ ወዲህ ወደዚያ የወረደ የለም።»

ጨፌውን አቋርጠው ወረዱ። ሰማይ ውሃ በነፋሱ ተሸብሽቧል፤ ዳርቻው ላይ ዳክዬዎች ተጠጋግተዋል። የካቡ ድንጋይ በአንድ በኩል ተንዶ በግ ገብቶበታል። ጎመኑ እስከ ግንዱ ተግጧል። የባቄላዎቹ መደቦች አረም ውጧቸዋል። ተሾመች ይህችን ቦታ በዓይነ ሕሊናዋ ከዚህ ትልቅ አድርጋ ይዛት ነበር። ይቺን የምታህል መሬት ነች እንዴ አገር ሙሉ ያበላችው?

ሽማግሌው በዘንጋቸው አረሙን እየገለጡ ከመደብ መደብ ተራመዱ። የሚፈልጉትን አልነገሯትም። ብዙ ቆይተው፣ ተስፋ ቆርጠው ሊመለሱ ሲሉ፣ ውሃው በኩል ካለው ካብ ሥር ቆሙ።

«ወፍ ዘራሽ» አሉ።  «ነይ፣ ነይ እያት።»

አምና ሲለቀም ከእጃቸው የወደቀች፣ ወይም አይጥ ጎትታ የረሳቻት አንዲት ፍሬ፣ የበልጉን ዝናብ አግኝታ ከድንጋይ መሐል በቅላለች። ጫፏን በግ ቀጥፎታል። ከጎን አንድ ቅርንጫፍ አውጥታ፣ ከብዷት፣ ወደ ውሃው ዘምማ ተጋድማለች። ጥቂት አረንጓዴ ፍሬ ይዛለች። ቅጠሏ የተዘረጋ ነው፤ ቆርምድ የሚባል አልነካትም።

«ለዘንድሮ አትደርስም» አሉ አያ አፈወርቅ። «እስክትደርቅ ተጠብቃ፣ ያችው ተዘርታ፣ የዚያችም ፍሬ እንደገና ተዘርታ... እኔ የምበላት አይመስለኝም። ግን አለች። በግ ካልጨረሳት፣ በረዶ ካልመታት፣ አለች።»

ቀጥለው የሚሉት ነበር፤ የሚጠብቃት ሰው ያሻታል ሊሏት እንደነበር ተሾመች አወቀች። እሳቸው ግን አላሉትም። በማግስቱ ወደ ዘመሮ የምትመለስበትን መኪና ቀጥራ እንደነበር ሁለቱም ያውቃሉ።

«አያ፣ በእኔ እጅ?» አለች። «በዚህ እጅ?»

ሽማግሌው ከካቡ አናት ላይ ከበቀለው የአስታ ቁጥቋጦ አንድ ቀጭን እንጨት ሰብረው፣ ቅጠሉን ገፍፈው አቀበሏትና ወደ ድንኳኑ አዘገሙ።

ተሾመች ብቻዋን ቀረች። እንጨቱን ከግንዷ አጠገብ ተከለችው። የምታስርበት ነገር ስትፈልግ ዙሪያዋን አየች፤ ምንም የለም። የሐዘን ነጠላዋን ጫፍ ያዘችና ከዘርፉ አንድ ክር መዘዘች። ክሩ ረዝሞ፣ ነጠላውን እየሸበሸበ ወጣ። ጉልበቷን መሬት ላይ አድርጋ የተጋደመችውን ባቄላ ቀስ ብላ ቀና አደረገቻት።

«አባባ» አለች። «አባባ፣ መጣሁ። ይቅር በሉኝ።»

ከዚያም ግንዷን እንዳይቆርጣት ክሩን በጣቷ እያላላች፣ አሰረቻት።